ሊብሬ የሌለውና የማይነሳ ሞተር ሳይክል በርካሽ ሲቀርብ፦ መግዛት ወይስ መተው?

በድሬዳዋ፣ በሳቢያንም ሆነ በገንደ ቆሬ፣ በየግቢው ጥግ ጎማው ተንፍሶ፣ ወንበሩ ተሰንጥቆና አቧራ ለብሶ የቆመ ሞተር ሳይክል ማየት የተለመደ ነው። ሻጩ የሚጠራው ዋጋ የሚሠራው አቻው ከሚሸጥበት ሲሶውን እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ለምን ረከሰ ተብሎ ሲጠየቅም «አቦ፣ ካርቡሬተሩን ማጠብ ብቻ ነው፤ ሊብሬውም ቤት አለ፣ ይፈለጋል» የሚል መልስ ይሰጣል። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ችግሮች እንደ አንድ ቀላል ነገር ተጠቅልለው ቀርበዋል። የሞተሩ አለመነሳት መካኒክ አይቶት፣ የመለዋወጫው ዋጋ ተጠይቆ ሊገመት የሚችል ወጪ ነው። የሊብሬው፣ ማለትም የተሽከርካሪው የባለቤትነት ደብተር፣ አለመኖር ግን ከዋጋ ላይ በመቀነስ የሚካካስ ጉድለት አይደለም፤ ምክንያቱም እውነተኛው ጥያቄ ወረቀቱ የት ገባ የሚል ሳይሆን፣ በመዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ማን ነው፣ ዛሬ ሊገኝ ይችላል ወይ፣ ቢገኝስ ቀርቦ ይፈርማል ወይ የሚል ነው። ስለዚህ ብዙ ገዢዎች የሚከተሉት ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት፤ መጀመሪያ ባለመብቱ ይጣራ፣ ከዚያ ሞተሩ ይታይ፣ ዋጋው በመጨረሻ ይነሳ።

በመጀመሪያው ቀን መፍቻ ይዞ መሄድ አያስፈልግም፤ ጨርቅ፣ በጠርሙስ ጥቂት ቤንዚንና የስልክ መብራት ይበቃሉ። የሻንሲ ቁጥሩ በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ላይ መሪው በሚዞርበት የብረት አንገት ጎን ተመትቶ ይገኛል፤ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከሲሊንደሩ በታች ባለው የሞተር ቤት ላይ፣ ብዙ ጊዜ በማርሽ መቀየሪያው በኩል ይገኛል። ሁለቱንም ቦታዎች ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጠርገው ፎቶ ያንሱ። ፋብሪካ የመታው ቁጥር ጥልቀቱና ክፍተቱ እኩል ነው፤ አንዱ አኃዝ ዘንበል ካለ፣ በዙሪያው ያለው ብረት በሞረድ ተልጎ ከቀሪው ይልቅ ከለሰለሰ፣ ወይም ያ ቦታ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ ቁጥሩ ተነካክቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ከተፋቀ ወይም ከተነካካ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል፤ ቀጥሎ ስለ ካንዴላ (ሞተሩ ውስጥ ብልጭታ ስለሚሰጠው ዕቃ) እና ስለ ዋጋ መነጋገር አያስፈልግም። የሞተሩ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር አለመግጠሙ ግን ሁልጊዜ ስርቆትን አያመለክትም፤ ሞተር ተቀይሮ ሳይመዘገብ መቅረት የተለመደ ነው። ሆኖም ያ የተቀየረው ሞተር ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሰነድ ከሻጩ መጠየቅ አለበት።

ከቁጥሮቹ ቀጥሎ የቁልፉ ቦታ በደንብ ይታይ። ሊብሬው የጠፋበት ሰው ቁልፉ አብሮት ይኖራል፤ ሊብሬም ቁልፍም የሌለው ሞተር ሳይክል ግን የተለየ ጥርጣሬ ይገባዋል። ከመብራቱ ኋላ ያሉት የቁልፍ ሽቦዎች ተቆርጠው በፕላስተር ተጠቅልለው ከሆነ፣ መሪውን የሚቆልፈው ብረት ተሰብሮ ስብራቱ ከታየ፣ ወይም መሪው በኃይል የተጠመዘዘበት ጭረት አንገቱ ላይ ካለ፣ ሻጩ የፈለገውን ታሪክ ቢነግር ብረቱ ሌላ ታሪክ እየተናገረ ነው።

ሻጩን ለመፈተን ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ገንዘብ የማያስወጣ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አብረን ትራንስፖርት ቢሮ ሄደን ፋይሉን ብናይስ?» ባለቤት የሆነ ሰው ቢሰለችም ይመጣል። ባለቤት ያልሆነው ወይ ስልኩን ያጠፋል፣ ወይ «ለምን ትጨነቃለህ፣ ብዙ ሰው ያለ ወረቀት ነው የሚነዳው» ብሎ ነገሩን ሊያቃልል ይሞክራል። ታርጋው ከኦሮሚያ፣ ከሶማሌ ወይም ከአዲስ አበባ የወጣ ከሆነ ደግሞ ፋይሉ ያለው እዚያው ስለሆነ ጉዞውና ፋይል የማዛወሩ ድካም ከወዲሁ ይታሰብ። በሐረርም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ከጀጎል ውጭ ባሉት ጋራዦች ደጃፍ ከሚቆሙት ውስጥ የሐረሪ ታርጋ የሌላቸው ጥቂት አይደሉም።

ሻጮች የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ መፍትሔ ወይም የራሱ መውጫ በር አለው። «ጠፍቷል» የሚለው እውነት ከሆነ ከሁሉ የቀለለው ነው፤ በመዝገብ ያለው ባለቤት መጥፋቱን ለፖሊስ አመልክቶ ምትክ እንዲሰጠው ይጠይቃል። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ምትክ የሚጠይቀው ባለቤቱ እንጂ ገዢው አለመሆኑ ነው። ስለዚህ «አንተ ገዝተህ አስወጣ፣ ለዚያ ነው ያረከስኩልህ» የሚለው ሐሳብ ውድቅ ነው፤ ሻጩ ራሱ በራሱ ወጪ ያስወጣና ከዚያ በኋላ ክፍያው ይፈጸማል። እስከዚያው ሌላ ሰው እንዳይወስድብዎ ከሰጉ በጽሑፍ ትንሽ ቀብድ ማስያዝ ይቻላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ካፈረሰ እጥፉን የመመለስ ግዴታ ሲኖርበት፣ ቀብድ ሰጪው ካፈረሰ ደግሞ የሰጠው ይቀርበታል። ስለዚህ ቀብዱ ትንሽ ይሁን፤ ሊብሬው እስከ መቼ እንደሚወጣም በቀን ተጠቅሶ ይጻፍ።

«በውክልና ነው የያዝኩት» የሚለው ግን ከሁሉ የተወሳሰበውና በእኛ አካባቢ ከሁሉ የበዛው ነው። ሞተር ሳይክሉ ሲሸጥ ስም የማዛወር ወጪን ለመሸሽ ሻጩ ለገዢው ውክልና ይሰጠዋል፤ ያም በተራው ለሌላ ያሳልፋል፤ ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ሊብሬው ጠፍቶ፣ የመጀመሪያውም ባለቤት ወይ አዲስ አበባ ገብቶ ወይ ወደ ጅቡቲ ተሻግሮ ይገኛል። እንዲህ ዓይነት ሰንሰለት ሲገጥም ሦስት ነገሮች ይጣራሉ። የመጀመሪያው ውክልናው መሸጥን በግልጽ ይፈቅዳል ወይስ ማስተዳደርን ብቻ የሚለው ነው። ሁለተኛው ተወካዩ ሌላ ሰው የመወከል ሥልጣን ተሰጥቶት እንደሆነ ነው፤ ይህ ካልተሰጠው ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ተበጥሷል። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ወካዩ በሕይወት መኖሩና ውክልናውን አለመሻሩ ነው፤ ወካይ ሲሞት ውክልናው ይቋረጣልና፣ ማኅተሙ ምንም ያህል ቢደምቅ በሟች ስም የተያዘ ውክልና ወረቀት ብቻ ነው። የውክልናውን ቁጥር ይዞ ውክልናው ወደተሰጠበት ውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት መሄድ አንድ ጠዋት የሚወስድ ሥራ ነው፤ ከዚህ ያነሰ ማጣራት በቂ ነው ብዬ አላምንም።

ሞተር ሳይክሉ የሟች አባት ወይም ወንድም ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይጠየቃል። ወራሾቹ ብዙ ከሆኑ ሁሉም ይፈርማሉ፤ ወይም ለአንዱ ውክልና ይሰጣሉ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነም የትዳር ጓደኛው ፈቃድ እንደ ይሉኝታ ጥያቄ መታየት የለበትም፤ በድሬዳዋ የሚሠራበት በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣን የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የባልና ሚስቱን ስምምነት ይጠይቃል። ዛሬ ይህን መጠን የማያልፍ ሞተር ሳይክል የለምና፣ በድርድሩ ቀን ሚስትየዋ ወይም ባልየው ቢገኙ ኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል። ሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው፣ ሐረር ላይ የሚገዛ ሰው ጥያቄውን ለዚያው ጽሕፈት ቤት ያቅርብ።

ሊብሬው በብድር ተይዞ ከሆነ ዕዳው ሳይከፈልና እገዳው ሳይነሳ ስም አይዞርም፤ ከተገዛም ክፍያው በቀጥታ ለአበዳሪው እንዲገባ መስማማት ይሻላል። ከመሥሪያ ቤት ወይም ከእርዳታ ድርጅት በጨረታ የወጡት ያማሃና ሆንዳ ሞተር ሳይክሎች አጓጊ ናቸው፤ ነገር ግን ከቀረጥ ነፃ የገባ ተሽከርካሪ መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጥና ታክሱ ይጠየቃል። ስለዚህ የጨረታ አሸናፊነቱ ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም፤ የጉምሩክ ሰነዱም ይታይ። ቀረጡ ገና ያልተከፈለ ከሆነ የሚጠየቀው ገንዘብ ርካሹን ዋጋ በአንድ ጊዜ ሊውጠው ይችላል።

በመጨረሻ ድሬዳዋን ከሌላው ከተማ የሚለያት ጉዳይ ይመጣል። ከተማዋ ለጅቡቲም ለሶማሌ ድንበርም ቅርብ በመሆኗ ከዕቃው ብዛት የተነሳ ታይዋን የሚል ስም የወጣለት ገበያ ያላት ናት፤ ሞተር ሳይክልም በዚያው መንገድ ይገባል። «ታርጋ ገና አልወጣለትም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ዲክላራሲዮን (በጉምሩክ በኩል መግባቱን የሚያሳይ ሰነድ) የለውም ማለት ነው፤ ዲክላራሲዮን የሌለው ተሽከርካሪ ደግሞ የሚመዘገብበት መንገድ የለውም፤ በኬላም ሆነ በከተማ ሲያዝ ይወረሳል። ለዚህ ዓይነቱ የሚስማማ ዋጋ የለም። ከዚህም የባሰው ደላላው ራሱ መፍትሔ አመጣሁ ሲል ነው፦ «የተሰባበረ አንድ አለ፣ ሊብሬውን እንገዛለን፣ ቁጥሩን እንመታለን።» ይህ የሰነድና የመለያ ቁጥር ማጭበርበር ነው፤ ከተደረሰበትም ተጠያቂነቱ ንብረቱን ይዞ በተገኘው ገዢ ላይ ይወድቃል። በወንጀል ሕጉም የተሰረቀን ንብረት አውቆ ወይም ማወቅ ሲገባው የገዛ ሰው በመሸሸግ ወንጀል ይጠየቃል፤ ከገበያው በእጅጉ የወረደ ዋጋና የሊብሬ አለመኖር አንድ ላይ ሲቀርቡ ደግሞ «አላወቅሁም» የሚለውን መከላከያ ያዳክሙታል።

እስከዚህ ያለው ከተጣራና ባለመብቱ ከተገኘ መካኒክ ይዞ መመለስ ይቻላል፤ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። በድሬ እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ሰውን ያጣድፋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሻጩ በርጫ ላይ ሊሆን ስለሚችል ድርድሩ ረጅም፣ ምርመራው አጭር ይሆናል።

ከሁሉ በፊት «ካርቡሬተር ማጠብ ብቻ ነው» የሚለውን አባባል በሒሳብ መመዘን ይገባል። ካርቡሬተር ማጠብ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ የሚነሳ ሞተር ሳይክል ደግሞ ከማይነሳው በብዙ እጥፍ ይሸጣል። ታዲያ ይህን ትርፍ ለገዢ የሚተው ሻጭ ጥቂት ነው፤ ካርቡሬተሩ ታጥቦ፣ ካንዴላ ተቀይሮ፣ አልነሳ ብሎ የተተወ መሆኑን ከወዲሁ መገመት ይበጃል። የፍሬዎቹን ጭንቅላት ይመልከቱ፤ በካርቡሬተሩና በሞተሩ ሽፋን ላይ ያሉት ፍሬዎች ጠርዛቸው ተልጦ ካብለጨለጨ ከእርስዎ በፊት የከፈተው አለ።

ምርመራው የሚጀምረው ሞተሩ ነክሶ እንደሆነ ከማየት ነው። ካንዴላው ወጥቶ የእግር ማስነሻው ሲረገጥ ሞተሩ ፈጽሞ ካልዞረ ብዙ ጊዜ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል ማለት ነው፤ እንዲህ ከሆነ ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ገብቶ በትልቅ ፒስተን ይሠራል ወይም ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። የሚዞር ከሆነ አውራ ጣት በካንዴላው ቀዳዳ ላይ ተደርጎ ይረገጣል፤ ጤነኛ ሞተር ጣቱን በኃይል ገፍቶ ያስለቅቃል፣ የደከመው ግን በለሆሳስ ይተነፍሳል። በሲሊንደሩ ውስጥ ጥቂት ዘይት ጨምሮ ሙከራው ሲደገም ግፊቱ ከጨመረ ፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው የብረት ቀለበት) አልቋል፤ ካልጨመረ ችግሩ ወደ ቫልቮቹ ያመለክታል። ይህ ፍተሻ በድሬዳዋ የተለየ ትኩረት ይገባዋል፤ የአየር ማጣሪያው ወልቆ ወይም ተቀዶ በአሸዋማ መንገድ የተነዳ ሞተር ሲሊንደሩ እንደተሞረደ ይበላል። ስለዚህ የማጣሪያው ቤት ተከፍቶ ውስጡ በጣት ይዳሰስ፤ ከማጣሪያው ወደ ካርቡሬተሩ በሚሄደው ጎማ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ ከተገኘ ያ አሸዋ ሞተሩንም አዳርሶታል።

ቀጥሎ ካንዴላው ከሽቦው ጋር ተያይዞ አካሉ ከሞተሩ ብረት ጋር ተነክቶ ሲረገጥ ሰማያዊ ብልጭታ ይጠበቃል። ብልጭታ ከሌለ ወደ ሲዲአዩ (ብልጭታውን ወደሚቆጣጠረው የኤሌክትሪክ ዕቃ) ከመሄድ በፊት በመሪው ላይ ያለው ማጥፊያ አለመዘጋቱ ይታይ፤ ለዚህች ትንሽ ቁልፍ ብለው ሙሉ ሽቦ የቀየሩ አሉ። የሞተሩ ዘይት በትንሹ ወደ ነጭ ጨርቅ ይፍሰስ፦ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ የብረት ብናኝ ካብለጨለጨ ውስጡ እየተፈጨ ነው። የደቻቱ ወንዝ ክረምት ላይ ምን እንደሚያደርግ የሐምሌ 1998ቱን ጎርፍ የሚያስታውስ ሁሉ ያውቃል፤ በወንዙ ዳር ሰፈሮች የቆመ ሞተር ሳይክል ከሆነ በፊት መብራቱ ውስጥና በፍጥነት መለኪያው መስተዋት ሥር የደረቀ የደለል መስመር መኖር አለመኖሩ ይታይ። የጎማው ዕድሜ ራሱ ላይ ተጽፏል፤ በጎኑ ካሉት ጽሑፎች ውስጥ «2318» የሚል ከተገኘ በፈረንጆች 2018 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው፤ በድሬ ፀሐይ ለዓመታት የቆመ ጎማ ጥርሱ ቢኖርም ጎኑ ይሰነጣጠቃልና እንደሌለ ይቆጠር።

የማይነሳ ሞተር የሚደብቀው ብዙ ነው፦ የቢዬላ (ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ብረት) ኳኳታ አይሰማም፣ የፍሪሲዮን መንሸራተት አይታወቅም፣ ባትሪ ስለመሙላቱም የሚታይ ነገር የለም። የኋላው ጎማ ተነስቶ በእጅ እየዞረ ማርሾቹ አንድ በአንድ ቢገቡ ስለ ማርሽ ሳጥኑ ጥቂት ያሳያል እንጂ ዋስትና አይሆንም። እውነተኛው ፈተና ድሬዳዋ ከምትገኝበት 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ተነስቶ ደንገጎን መውጣት ነው፤ የደከመ ፋሻና የሚንሸራተት ፍሪሲዮን እዚያ ዳገት ላይ ይጋለጣሉ። ያ ፈተና ደግሞ የሚመጣው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው። በዚህ የተነሳ ያልተከፈተ ሞተር ላይ መካኒኩ የሚሰጠውን ግምት በሁለት አባዝቶ መያዝን እመርጣለሁ፤ የተረፈ ገንዘብ ለማንም ሸክም ሆኖ አያውቅም። የሞዴል ምርጫም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የባጃጅ ቦክሰርና የቲቪኤስ መለዋወጫ በቀላሉ ይገኛል፤ የቆየ ያማሃ ዲቲ ግን ምንም ያህል ቢወደድ አንድ ዕቃ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ሊያስልክ ይችላል።

ዋጋው የሚሰላው ከሚሠራው አቻ ተነስቶ ወደ ታች ነው። ለስሌት ያህል ብቻ፣ ሊብሬ ያለውና የሚሠራው 100,000 ብር ይሸጣል እንበል። መካኒኩ 15,000 ብር ቢገምት በእጥፉ 30,000 ብር ይያዛል፤ ለጎማ፣ ለባትሪና ለሰንሰለት 12,000 ብር፣ ለስም ማዛወር፣ ለዓመታዊ ምርመራና ቦሎ፣ ለሦስተኛ ወገን መድን እንዲሁም ላለፉት ዓመታት ያልተከፈለ ነገር ካለ ለእርሱ 13,000 ብር ይጨመራል። ድምሩ 55,000 ብር ነው፤ ስለዚህ 45,000 ብር ቢከፈል የሚገኝ ትርፍ የለም፤ የወራት ድካም ብቻ ተጨምሮ በገበያ ዋጋ ተገዛ ማለት ነው። ለድካሙና ለአደጋው ሌላ 15,000 ብር ሲቀነስ ከ30,000 ብር በላይ መስጠት አይገባም። የመለዋወጫ ዋጋ ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ያለፈው ዓመት ግምት የማይሠራበት ሆኗልና በዚያው ሳምንት ሱቅ ገብቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ባለመብቱ ካልተገኘ ግን ይህ ሁሉ ስሌት ከንቱ ነው፤ 100,000 የሚለው መነሻ ቁጥር ራሱ ስለሌለ የሚቀነስለት ነገር የለም።

ለመግዛት ከተወሰነ ውሉ በመዝገብ ካለው ባለቤት ጋር ይሁን። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ፣ ሞተር ሳይክሉ በሽያጩ ቀን የማይነሳ መሆኑ፣ ምትክ ሊብሬውን የሚያስወጣው ሻጩ መሆኑና የሚያስወጣበት የመጨረሻ ቀን፣ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ስለመሆኑ፣ ሌላ ባለመብት መጥቶ ገዢውን ቢነጥቀው ሻጩ ገንዘቡንና የጥገና ወጪውን እንደሚመልስ በግልጽ ይጻፍበት፤ ምስክሮችም ይፈርሙ። የሁለቱ ወገኖች መታወቂያ ኮፒ ከውሉ ጋር ይያያዝ። ዋናው ክፍያ ውልና ማስረጃ ፊት በሚፈረምበት ቀን፣ በሻጩ ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ እንጂ በደላላው እጅ አይለፍ። ስም እስኪዞር ድረስ ጥገና መጀመር አይገባም፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ሐሳቡን የሚቀይር ሻጭ አይጠፋምና።

ለመለዋወጫ ብቻ የሚፈልጉት ሰዎች ነገሩ ቀላል ይመስላቸዋል፤ ሆኖም ብረቱ ተፈታታ እንጂ የመጣበት መንገድ አልተቀየረም። ለመለዋወጫም ቢሆን የሻጩ ማንነት፣ የቁጥሮቹ ፎቶና የተፈረመ ውል ያስፈልጋሉ፤ ባለቤቱ ሞተር ሳይክሉ ከአገልግሎት ውጭ መሆኑን አስታውቆ ታርጋውን ለትራንስፖርት ቢሮው ቢመልስ ደግሞ የተሻለ ነው። ቁጥሩ የተመታበት የሻንሲው አንገት ተቆርጦ ለሌላ ሰው አይሰጥ፤ ታርጋውም በጋራዥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቅር።